ዘንዶው ከሞተ በኋላ

በ2016 ዓ.ም. በጋ ለእህቴ ልጅ አንድ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር በስልክ አነበብኩለት። እኔ አዲስ አበባ፤ እሱ ምሥራቅ ጎጃም፣ አማኑኤል፣ እኔም ባደግኩበት ቤት። 11 ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። የሞባይል ኢንተርኔት ከጠፋ ወራት አልፈዋል፤ ተራ ጥሪ ግን አንዳንድ ማታ ይገባል። አንድ ቀን እህቴ ደውላ «ይኼ ልጅ ፊደሉን ሊረሳው ነው። ያንተ ትምህርት ለመቼ ሊሆነን ነው?» አለችኝ። ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው፤ ኮድ ደግሞ በስልክ አይተረክም። «በቃ፣ ማታ ማታ መጽሐፍ አነብለታለሁ» አልኳት።

ስልኬ ላይ የነበረው የልጆች መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ከዶርም ጓደኛዬ ፍላሽ ላይ የገለበጥኩት «ዘ ሆቢት»፣ የእንግሊዛዊው ደራሲ የጄ. አር. አር. ቶልኪን ሥራ። ዓይኔ እንግሊዝኛውን እያየ አፌ አማርኛውን ይናገራል። የመጀመሪያው ሳምንት ፈተና ነበር። ሆቢት ምንድን ነው? «ቁመቱ ካንተ የማይበልጥ፣ እግሩ ፀጉራም፣ ጫማ የማያደርግ፣ ከምግቡና ከቤቱ መለየት የማይወድ ሰው» አልኩት። «ከጫማው በቀር አንተን ነው» አለኝ። ጋንዳልፍን ጠንቋይ ካልኩት ወሬው እናቱ ጋ፣ ከእናቱም ንስሐ አባቷ ጋ ይደርሳል፤ ስለዚህ «ብዙ ያየ ሽማግሌ» ሆነ። ጎብሊኖቹ ጭራቆች ሆኑ። ዘንዶው ግን ምንም ማብራሪያ አላስፈለገውም። እኛ አገር ዘንዶ የማያውቅ ልጅ የለም፤ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አይቶታል። ነጭ ፈረስ፣ ጦር፣ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ከሥር ዘንዶው፣ ዳር ላይ ብሩታዊት። ሥዕሉ ሁልጊዜ እዚያችው ሰዓት ላይ ይቆማል።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ቢልቦ ባጊንስ የሚባለውን ሆቢት 13 ድንኮች መጥተው ከቤቱ ያወጡታል። አያቶቻቸው የኖሩበትን ተራራ ስማግ የሚባል ዘንዶ ነጥቋቸው ወርቃቸው ላይ ተኝቷል። መሪያቸው ቶሪን የዚያ ተራራ ንጉሥ የልጅ ልጅ ነው። መንገዱ ረጅም ነው፤ እኛም ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ አንዳንዴ ለሦስት ቀን ጭራሽ እየጠፋ፣ ከወር በላይ ሄድንበት። በመጨረሻ ዘንዶው ሞተ። አንዲት ወፍ የደረቱን ያልተሸፈነ ቦታ ለአንድ ቀስተኛ ትነግረዋለች፤ ቀስተኛው የቀረችውን አንዲት ጥቁር ፍላጻ ይወረውራል፤ ስማግ ሐይቁ ውስጥ ይወድቃል።

የእህቴ ልጅ ወዲያ ማዶ ጮኸ። ከዚያ «በቃ፣ አለቀ?» አለኝ።

«አላለቀም። ይኼ ምዕራፍ 14 ነው። መጽሐፉ 19 ምዕራፍ አለው።»

«ዘንዶው ሞቶ ምን ይቀራል?»

ጥሪው ተቋረጠ። ጥያቄው ግን እኔ ጋ ቀረ። ይህንን የምጽፈው እሱን ይዤ ስለሰነበትኩ ነው።

*

የሚቀረውማ ብዙ ነው። ስማግ ከመሞቱ በፊት የሐይቁን ከተማ አቃጥሏል። ሕዝቡ ብርድ እየመጣ ሜዳ ላይ ቀርቷል። ዘንዶውን የገደለው ቀስተኛ፣ ባርድ ይባላል፣ ወደ ተራራው ሄዶ ቶሪንን ድርሻ ይጠይቃል። ሦስት ምክንያት አለው፦ ገዳዩ እሱ ነው፤ ዘንዶው ከሰበሰበው ሀብት ውስጥ ከባርድ አባቶች ከተማ የተዘረፈም አለበት፤ ደግሞም ድንኮቹን በችግራቸው ቀን ያስጠለለው ይኸው አሁን ቤቱ የተቃጠለበት ሕዝብ ነው። እኔ ሳነበው ሦስቱም ልክ ናቸው።

ቶሪን ግን በሩን በድንጋይ ገንብቶ ዘግቷል። ጦር ይዞ በሬ ላይ ከቆመ ሰው ጋር አልነጋገርም ይላል። ይኼም ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ቤቱ የአያቶቹ ነው፤ ስደት ያሳደገው ሰው ነው። ግን ወርቁን ካየ ጀምሮ ሌላ ሰው ሆኗል። ትናንት አንድ ጠላት የነበራቸው ሁሉ ዛሬ በአንድ ተራራ ሥር እርስ በርስ ጦር ተማዘዋል።

ቢልቦ እዚህ ላይ የሚያደርገው ነገር ከመጽሐፉ ሁሉ ይበልጥብኛል። ቶሪን ከወርቁ ሁሉ አስበልጦ የሚፈልጋት አንዲት የከበረች ድንጋይ አለች። ቢልቦ አስቀድሞ አግኝቶ ደብቋታል፤ እንደ ድርሻዬ ትቆጠርልኝ ብሎ በልቡ ይዟታል። በሌሊት በገመድ ከግንቡ ይወርድና ድንጋይዋን ለባርድ ይሰጠዋል፤ መደራደሪያ ትሁንህ ብሎ። የራሱን ድርሻ ነው የሰጠው። ከዚያ ደግሞ እዚያው አይቀርም፤ ቃል ከገባላቸው ከድንኮቹ ዘንድ ይመለሳል። ቶሪን ይህን ሲሰማ ከግንቡ ላይ ሊወረውረው ምንም አልቀረውም።

ነገሩን የሚጨርሰው ግን ድርድሩ አይደለም። የጭራቆች ጦር ድንገት ይደርስና ሁሉም ወደዱም ጠሉም አንድ ላይ ይሰለፋሉ። በዚያ በታላቁ ጦርነት መሐል ቢልቦ ራሱን በድንጋይ ተመትቶ ይወድቃል። ሲነቃ ሁሉ ነገር አልቋል። የመጽሐፉ ባለታሪክ የመጽሐፉን ትልቁን ጦርነት መጨረሻ አላየም! የእህቴ ልጅ በዚህ በጣም ተናደደ። ቶሪን ቆስሎ እያጣጣረ ቢልቦን ያስጠራዋል፤ ይቅር ይባባላሉ፤ ይሞታል። ለባርድም ድርሻው ይሰጠዋል። ቢልቦ ሁለት ትንንሽ ሣጥን ብቻ ተቀብሎ ወደ ቤቱ መንገድ ይጀምራል።

እዚህ ስደርስ የመጨረሻዋን ምዕራፍ ለሌላ ቀን አሳደርኳት። ቤቱ ሲደርስ ምን እንደሚጠብቀው አውቃለሁ። ለልጁ እንዴት እንደምነግረው ግን ከራሴ ጋር አልተስማማሁም። ምክንያቱም እኔ በሱ ዕድሜ እያለሁ፣ በዚያው ቤት፣ አንድ የመጨረሻ ምዕራፍ ተደብቆብኛል።

*

አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ትውልዳቸው ቢቸና አጠገብ ነው። ማታ እሳት ዳር የሚነግሩን ተረት የጦጣና የጅብ አልነበረም፤ የበላይ ዘለቀ ነበር። አባ ኮስትር! አባቱ ባሻ ዘለቀ ላቀው እንዴት እንደተገደሉ፤ ልጁ ዒላማ እየተኮሰ እንዴት እንዳደገ፤ ጣሊያን ሲመጣ ጥቂት ሰው ይዞ ተነሥቶ ሠራዊት እንዳደረገው፤ ከቢቸና ቆላ እስከ ደጋው ጠላትን እንዴት መውጫ መግቢያ እንዳሳጣው። ለተከታዮቹ ማዕረግ ሲያድል ለራሱ ምንም አልወሰደም ይባላል፤ ለምን ሲሉት እናቴ በላይ ብላ ሰይማኛለች፣ ከዚያ የሚበልጥ ሹመት የለም አለ ይላሉ። አያቴ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ይስቁ ነበር። ለእኛ በላይ የኖረ ሰው አልነበረም፤ የተረት ጀግና ነበር። በጥይት የማይመታ፣ በአንድ ሌሊት ሦስት ቦታ የሚታይ።

ታሪኩ ሁልጊዜ የሚያልቀው አንድ ቦታ ላይ ነው። ጣሊያን ከደብረ ማርቆስ ይወጣል። ንጉሡ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ይገባሉ፤ ከወር በኋላ፣ ሚያዝያ 27፣ አዲስ አበባ። ባንዲራ፣ እልልታ።

«ከዚያስ አባባ?»

«ከዚያማ ጣሊያን ወጣ አልኩህ። ተኛ።»

ዘንዶው ሞቷል፤ ሥዕሉ ቆሟል።

የቀረውን የሰማሁት ባሕር ዳር ዶርም ውስጥ፣ ላፕቶፕ ፊት፣ በ19 ዓመቴ ነው። አንድ የጎንደር ልጅ «ያው በላይን የሰቀሉት የገዛ መንግሥቱ አይደሉ?» ብሎ እንደ ተራ ነገር ተናገረ። ለካ ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ብቻ ነበርኩ የበላይን የመጨረሻ ምዕራፍ የማላውቅ የቢቸና ሰው የልጅ ልጅ። የዚያን ዓመት ክረምት አማኑኤል ስገባ አያቴን ጠየቅኳቸው። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ልጅ ደስ ብሎት ነው መተኛት ያለበት» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም። አሁን በሕይወት የሉም።

*

የተደበቀብኝ ምዕራፍ ይኸውና።

ጣሊያን ሲወጣ አገሪቱ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰው ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ዱር የከረመ አርበኛ፤ ከንጉሡ ጋር ወይም በሌላ በኩል ውጭ የነበረ ስደተኛ፤ ከጣሊያን ጋር ያደረ ባንዳ። መንግሥት ሲቋቋም ለሦስቱም ቦታ መፈለግ ነበረበት። አገር የሚያስተዳድር ሰው ያስፈልጋል፤ ጽሕፈት የሚያውቅ ያስፈልጋል፤ ከድሮው የመሳፍንት ቤት የመጣ ደግሞ እንደ ድሮው ሹመቱን ይጠብቃል። አርበኛውም መሣሪያውን እንደያዘ ቆሞ ይጠይቃል፦ ዘንዶውን የገደልኩት እኔ፤ ድርሻዬስ?

በላይ የደጃዝማችነት ማዕረግ ተሰጥቶት ቢቸናን እንዲገዛ ተደረገ። የጎጃም ገዥነት ለራስ ኃይሉ በለው ሆነ። ራስ ኃይሉ በለውም አርበኛ ነበሩ፤ ግን ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት የተወለዱ ናቸው። ማዕረግ እናቴ ሰጥታኛለች ይላል የተባለው ሰው፣ አሁን ማዕረጉ አነሰብኝ ብሎ አኮረፈ። ሰው ይለወጣል ማለት ይቻላል። እኔ ግን ነገሩ እንዲህ ይመስለኛል፦ ዱር እያለ ማዕረግ ጌጥ ነበር። ሰላም ሲሆን ማዕረግ የሚበላ እንጀራ፣ የሚታዘዝ ሰው፣ የሚታረስ መሬት ሆነ። ከሱ በታች ተዋግተው ከሱ በላይ የተሾሙ፣ ወይም ጭራሽ ያልተዋጉ ሰዎች ፊት ቆሞ እጅ መንሣት ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

በላይንም መልአክ ማድረግ አልፈልግም። በ1933ቱ ዘመቻ ጎጃም የነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች ይከስሱታል፤ ያኔ ከጣሊያን ጋር የነበሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ልጄን እድርልሃለሁ ብለውት፣ የኮሎኔል ማራቬንታኖን ጦር ዐባይን ሲሻገር ሳይነካ አሳለፈው ይላሉ። አያቴ ይህን ቢሰሙ ከቤት ያስወጡኝ ነበር። ግን አስቡት፤ ያ ሰው በገዛ እጁ ሠራዊት የሠራ፣ የመሳፍንት ዘር የሌለው ሰው ነው። የራስ ልጅ ማግባት ማለት ማንም የማይነጥቀው ስም ማለት ነበር። የቶሪን ወርቅ ወርቅ ነው። የበላይ ወርቅ ይኼ ነበር።

ኩርፊያው ወደ ሽፍትነት ዞረ። መንግሥት ጦር ላከ። በላይ በቢቸና አካባቢ ሶማ በሚባለው አምባ ላይ መሸገ፤ ተዋጋ፤ በመጨረሻ እጁን ሰጠ። አዲስ አበባ ተወስዶ ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠለት። ከእስር ቤት አመለጠ፤ ተያዘ። ጥር 4 ቀን 1937 ዓ.ም. ተሰቀለ። ወንድሙ እጅጉ ዘለቀም አብሮት። በዚያው ቀን አብሯቸው የተሰቀለ ሌላ ሰው አለ፤ ልጅ ማሞ ኃይሉ፣ የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ልጅ፣ በጠላት ዘመን ከጣሊያን ጋር የነበረ። አርበኛውና የጣሊያኑ ወዳጅ ከአንድ እስር ቤት አብረው አመለጡ፤ በአንድ ቀን ተሰቀሉ። ከእልልታው ቀን እስከዚያ ቀን አራት ዓመት እንኳ አልሞላም።

አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬ በላይ ዘለቀ የሚባል መንገድ አለ። በታክሲ አልፌበታለሁ፤ ወያላው ስሙን ሲጠራው የሠፈር ስም ብቻ ነው።

*

የቀን መቁጠሪያ መለወጫ ኮድ ጽፎ የሚያውቅ ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል፦ ሁለት 1937 አለ። አንዱ የኛ ነው፤ አንዱ የነሱ። ቢሮ ውስጥ አንድ ጊዜ ሁለቱን አምታትቼ የሦስት ቀን ሥራ አበላሽቻለሁ። በላይ የተሰቀለው በኛ 1937 ነው። «ዘ ሆቢት» የታተመው በነሱ 1937፣ መስከረም 21 ቀን፤ በኛ መስከረም 11 ቀን 1930 ዓ.ም. ነው። ከታተመው መጽሐፍ እስከ ተሰቀለው ሰው ሰባት ዓመት ከአራት ወር ገደማ አለ። ግጥምጥሞሽ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ግን ካየሁት በኋላ ዓይኔን ማንሣት አልቻልኩም፤ ምክንያቱም በዚያው በነሱ 1937 ሌላ ሰው ሌላ ቦታ አለ።

በነሱ 1937 የካቲት ላይ፣ በኛ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ውስጥ ጭፍጨፋ ተፈጸመ። ሐዲስ ዓለማየሁ ያኔ የጣሊያን እስረኛ ነበሩ። በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቀው እንዶዳም የተወለዱት ሐዲስ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል፤ ዲማ ከቢቸና ጎረቤት ነው። ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው ታኅሣሥ 1929 ተማረኩ፤ ወደ ጣሊያን ተግዘው ፖንዛና ሊፓሪ ደሴቶች ላይ ዓመታት ቆዩ። እንግሊዝ አገር ልጆች ስለ ዘንዶ አዲስ መጽሐፍ ሲገዙ፣ የጎጃሙ ቄስ ልጅ የባሕር መሐል እስረኛ ነበር።

ቶልኪንም ጦርነትን በወሬ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በነሱ 1916 ፈረንሳይ ውስጥ በሶም ጦርነት የመልእክት መኮንን ነበር። ታሞ ተመለሰ፤ ከልጅነት ጓደኞቹ አብዛኞቹ አልተመለሱም። የ«ዘ ሆቢት»ን ታሪክ ለልጆቹ ነበር የጀመረው። አሳታሚው ስታንሊ አንዊን የእጅ ጽሑፉን ለ10 ዓመት ልጁ ሰጥቶ አስተያየት አስጻፈው፤ ልጁ ለድካሙ አንድ ሽልንግ ተከፈለው። ልጁ ወደደው፤ መጽሐፉ ታተመ። እንግዲህ መጨረሻው የሚያሳዝነውን መጽሐፍ መጀመሪያ የመረመረው የእህቴን ልጅ የሚያህል ልጅ ነው። ማንም አልደበቀበትም።

ሐዲስም ከምርኮ ተመልሰው ወደ ልጆች ተረት ሄደዋል። በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት»ን አሳተሙ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» መጣ። ያ መጽሐፍ ውስጥም ዘንዶ አለ። ፊታውራሪ መሸሻ ገበሬውን ተጨማሪ ግብር ሲጠይቁት፣ ገበሬው በአበጀ በለው መሪነት እምቢ ይላል፤ ይዋጋል፤ ፊታውራሪውን ይማርካቸዋል። ሌላ ደራሲ ቢሆን ኖሮ እዚያ ላይ ጨርሶ እልል ያሰኘን ነበር። ሐዲስ ግን አልጨረሱም። ዘንዶው ተማርኮም የጌታው ቤት ሥርዓት አልሞተም። በዛብህ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሰብለ ወንጌል የምታገኘው ሊሞት ሲል ነው፤ ትመነኩሳለች፤ ጉዱ ካሣም ወደዚያው መቃብር ይመጣል። እናቴ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን የሰማችው ልጅ ሆና ነው። በመጨረሻው ክፍል ሠፈሩ ሁሉ አለቀሰ ትላለች። «አያታችሁ ሬዲዮውን አልዘጉትም?» አልኳት። «እሳቸውም ያለቅሱ ነበር» አለችኝ።

ይህ ነገር አስገረመኝ። አያቴ በልብ ወለድ ያለቅሳሉ። እውነተኛውን ግን አይናገሩም።

*

አሁን ወደ ሥራዬ ልመለስ፤ ማለቴ ወደ ስልኩ። ኔትወርክ በተመለሰ ማግሥት የመጨረሻዋን ምዕራፍ አነበብኩለት።

ቢልቦ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ሠፈሩ ይደርሳል። በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ቤቱ ውስጥ ሐራጅ ነው! ሞቷል ተብሎ ዕቃው እየተሸጠ ነው። ዘመዶቹ ገብተው ዕቃቸው ይገባ እንደሆን ክፍሎቹን እየለኩ ነው። አለሁ ብሎ ማስረዳት ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ብዙውን የገዛ ዕቃውን መልሶ በገንዘቡ ገዛ። የብር ማንኪያዎቹ ግን ጠፍተው ቀሩ፤ የት እንደገቡ ይጠረጥራል። ከሁሉ የባሰው ስሙ ነው። ጎረቤቶቹ እንደ ድሮው አላከበሩትም፤ ዱር ከርሞ የመጣ እብድ ሆነ።

ወዲያ ማዶ ዝምታ።

«ጋሼ፣ ሞቷል ብለው ነው ወይስ እንዲሞት ፈልገው ነው?»

«አንዳንዱ እንዲህ፣ አንዳንዱ እንዲያ።»

«ሰይፍ ነበረው አይደል? ለምን አልመዘዘባቸውም?»

ይኼን ነው የፈራሁት። ለመቅረት የሚያመች መልስ ነበረኝ፦ ማንኪያ ነው፣ ለማንኪያ ሰው አይገደልም። እውነትም ነው። ቢልቦ ያጣው ማንኪያ ነው፤ ሁለት ሣጥን ወርቅና ብር፣ ቤትና ጓሮ አለው። ከሱ በላይ የሚያዝ ንጉሥም የለም። በላይ ያጣው ማንኪያ አልነበረም። እና ለልጁ ቢልቦን አርአያ አድርጌ ባቀርብለት፣ የአምስት ዓመት ደም ያፈሰሰን ሰው «ምነው ዝም ብለህ ቤትህ ብትገባ» እንደማለት ይሆናል። እሱን አልልም። የበላይ ጥያቄ የባርድ ጥያቄ ነው፤ ገዳዩ ድርሻውን ጠየቀ። የመንግሥቱም መልስ የቶሪን መልስ ነው፤ ጦር ይዞ በሬ ላይ ከቆመ ጋር አልነጋገርም። መጽሐፉ ውስጥ ግን በመሐል አንድ ሰው አለ። የራሱን ድርሻ በጨርቅ ጠቅልሎ በሌሊት ከግንብ የወረደ። ድርድሩ እንኳ ባይሳካ፣ ያ ሰው ባይኖር ኖሮ ቶሪን ሲሞት ይቅርታ የሚጠይቀው ሰው አያገኝም ነበር።

በላይ በተሰቀለበት ታሪክ ውስጥ ያ ሰው ጎደለኝ። እኔ የማውቃቸው ተረቶች ሁሉ ደግሞ ዘንዶ ገዳይ መሆንን እንጂ ያንን ሰው መሆንን አላስተማሩኝም። ተረቱ ሁልጊዜ እልልታው ላይ ስለሚቆም። እልልታው ላይ ያቆምነው ልጅ፣ አድጎ ማግሥቱን ሲያይ፣ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላ ዘንዶ መፈለግ።

ስለዚህ ነገርኩት። የበላይን ታሪክ እሱም ያውቃል፤ እህቴ ከአያቴ እንደሰማችው ነግራዋለች፤ እዚያው ቦታ ላይ እያቆመች። እኔ ከዚያ ቀጠልኩ። ሹመቱን፣ ኩርፊያውን፣ ሶማን፣ እስር ቤቱን፣ ጥር 4ን። ሳላስጌጥ፣ ሳላንገበግበው። እሱ ያለበትን ቦታ አውቃለሁ፤ ማታ ማታ የሚሰማውን ድምፅም አውቃለሁ። እያንዳንዱን ቃል እያየሁ ነው የተናገርኩት።

ሲያልቅ ድምፅ የለም። ተቋረጠ ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ አነሣሁት።

«አለህ?»

«አለሁ።» ከዚያ ቆይቶ፦ «ያ ድንጋዩን የሰጠው ዓይነት ሰው፣ በመሐል የገባ፣ አልነበረም?»

«አያታችን አልነገሩኝም።»

«አንተ አልጠየቅካቸውማ። እኔ እዚህ ሌላ ሽማግሌ እጠይቃለሁ። ሞልተዋል።»

ደስ ብሎት መተኛቱን እንጃ። እኔ እንኳ ያን ሌሊት ቶሎ አልተኛሁም።

ከዚያ ለዘጠኝ ቀን ኔትወርክ አልነበረም። በአሥረኛው ቀን ስብሰባ ላይ እያለሁ ከእህቴ ቁጥር ሚስኮል ገባ። አንድ። ከዚያ ሁለተኛ። ካርድ እንደሌለው አውቃለሁ። ወጥቼ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ እስክሪብቶ ያዝ» አለኝ። «አንድ ሰውዬ አግኝቻለሁ፤ ብዙ ነው የሚያወሩት። እኔ እነግርሃለሁ፣ አንተ ጻፍ።»